በመስኮቱ ጥግ የሞተው መሐንዲስ

ሽማግሌው መሐንዲስ በአውሮፕላኑ ቀኝ መስኮት ጥግ፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ እንደተከናነበ ሞቶ ተገኘ። ጠዋት ነበር፤ አብዛኛው መንገደኛ ገና አልነቃም። ከታች በረሃ እንጂ ማረፊያ የለም። የአስተናጋጆቹ አለቃ ከኋላ ወንበሮች ጡረታ የወጣች አንዲት መርማሪ ጠርታ አመጣች።

መርማሪዋ አጎንብሳ አየች። በሟቹ ጥርሶች መካከል የብርድ ልብሱ ሰማያዊ ክር ገብቷል፤ ዐይኖቹ ደም ቋጥረዋል። የመስኮቱ መዝጊያ ወርዷል።

«ታፍኖ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የገደለውም እንደኛው እዚሁ ታስሯል።»

አጠገቡ የነበረችውን ሴት ልጁን ወደ ምግብ ማሰናጃው ወሰደቻት።

«መስኮቱን ማን ዘጋው፣ ልጄ?»

«እኔ አልነካሁትም። አባባ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አይዘጋም ይል ነበር። ይህን ወንበር የመረጠው በወጣትነቱ መንገድ የቀየሰበትን ተራራ ለማየት ነው። ከሽንት ቤት ወረፋ ስመለስ ተዘግቶ አገኘሁት። ተኝቶ መስሎኝ፣ ተራራው እንዳያመልጠው ብቀሰቅሰው...»

«ወዴት ነበር ጉዟችሁ?»

«ፍርድ ቤት። አንድ ድልድይ ተደርምሶ ሰው ያለቀው በማን ጥፋት እንደሆነ ሊመሰክር።»

«በማን?»

ልጅቱ አቀረቀረች። «የቤተሰብ ገመና ነው።»

ከሟቹ ወንበር ኋላ የተቀመጠው ነጋዴ አልሸሸገም። «ብርሃኑ ዐይኔን አወጣው፣ ዝጉልኝ ብዬ ተጨቃጭቄያለሁ። እንቢ ሲለኝ ኮፍያዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ ተኛሁ። በመስኮት የተነሳ ሰው ይገደላል እንዴ?»

የሟቹ ታናሽ ወንድም በግራው መስኮት ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

«ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። የወንድም ጋሼ ነገር አንጀቴን የሚበላው፣ ያንን ተራራ ሳያይ መቅረቱ ነው። አናቱ በረዶ፣ እግሩ ሥር ደግሞ አረንጓዴ ሐይቅ።»

«አዩት?»

«ዛሬ፣ በዐይኔ በብረቱ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በሟቹ ወንበር ዙሪያ ሰበሰበች።

«ሽማግሌው መስኮቱን አይዘጋም» አለች። «የዘጋው በልጅቱ ወንበር ተቀምጦ ያፈነው ሰው ነው፤ የሟቹ ፊት ላይ ብርሃን እንዲያርፍ አልፈለገም። ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ግን ወደ ውጭ አየ። እኔ የተቀመጥኩት በግራ ነው፤ ከአሸዋ በቀር ያየሁት የለም። ተራራው ያለፈው በቀኝ በኩል ነው። በዚያ በኩል ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ተኝቶ ነበር፤ ተከፍቶ የነበረው ይኼ ብቻ ነው። ሥሩ ያለውን ሐይቅ ለማየት ደግሞ መስታወቱ ላይ መጠጋት ያስፈልጋል። እርስዎ ሐይቁን ከየት ሆነው አዩት?»

ወንድምየው መተላለፊያውን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ተመለከተ። በሁለቱም ጫፍ አስተናጋጆች ቆመዋል።

«ለድልድዩ ያን የተበላሸ ሲሚንቶ ያቀረብኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ወንድምህ ነኝ፣ ማረኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለሞቱት አዘነ፤ ለኔ ግን አላዘነም።»

«ሁሉን ነግሮኛል፣ አጎቴ» አለች ልጅቱ። «ገመናችን ነው ብዬ አፌን ልይዝ ነበር። አሁን በሱ ቦታ እኔ እመሰክራለሁ።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። መርማሪዋ አጠገቡ ተቀምጣ ቀበቶውን አሰረችለት።

«ለማረፍ ብዙ ይቀረናል?» ሲል ጠየቃት።

«ገና ነው» አለችው።