የወልደ ገብርኤል መሪ

ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች። ፀሐይዋ የከዚራን አስፋልት ማለስለስ ስትጀምር ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ባጃጆች ዛፍ ጥላ ሥር ይሰለፋሉ፣ ሰዉም ሸሚዙን አውልቆ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ይጋደማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከቬንትሌተር ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር የለም። አሰግድ ሥራውን የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ከግቢው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ገብቶ ከየመንደሩ የለቃቀመውን የአሮጌ ፔጆ ዕቃ፣ ስፖርቴሎውን፣ ፍሬቻውን፣ ክላክሱን በጨርቅ ይወለውልና ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለጨረታ ያወጣዋል። ተጫራቾቹ ሙቀት ያጋደማቸው የድሬ ሰዎች፣ ጥቂቶቹም የሐረርና የአዲስ አበባ መኪና ወዳጆች ናቸው። ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆነው ዋጋ ይጨምራሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጨረታው ይዘጋል። የሚያንቀላፋ ሰው እጁ እንደሚፈታ አሰግድ ቀድሞ ነቅቶበታል።

ጨረታው ሲቀዘቅዝ የሚያሞቀው ደግሞ ወልደ ገብርኤል ነው። ወልደ ገብርኤል የሚባል ሰው የለም። ያለው በመሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ፣ የሟች እናቱ ሲም ካርድ የገባበት አንድ አሮጌ ስልክ ነው፤ አሰግድ በዚያ ስልክ በገዛ ዕቃው ላይ ዋጋ ይጨምራል። ስሙን ሲመርጥ ብዙም አላሰበ። ቁልቢ ተወስዶ ክርስትና ሲነሣ የወጣለት የራሱ የክርስትና ስም ነው። ከእናቱና ከንስሐ አባቱ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም፤ በማዘጋጃ ቤት ያገባት ሚስቱ ፋናዬ እንኳ ሰምታው አታውቅም።

ጠባይም አወጣለት። ወልደ ገብርኤል አዲስ አበባ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ ቁጥብ ሰው ሆነ። አይከራከርም፣ ነገር አያበዛም፤ ዋጋውን ይጽፍና «ይሁንልኝ» ብሎ ዝም ይላል። ሰዎቹ ወደዱት። በዓል ሲመጣ ከአሰግድ ይልቅ እሱን ነበር እንኳን አደረሰህ የሚሉት፤ አሰግድም መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ጋሽ ሙክታር ከመጡ በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። ጋሽ ሙክታር ሐረር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፣ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጧቸውም። ሙሽራ ሆነው የገቡባት ፔጆ 404 ጓሮ ውስጥ ተፈታትታ ቆማለች፤ ባለቤታቸው ሳይሞቱ አንድ ቀን ተቀምጠውባት ጁገልን እንዲዞሩ ነው የሽማግሌው ልፋት ሁሉ። ይህን በድምፅ መልእክት፣ በሳል እየተቋረጡ ለአሰግድ ነግረውታል። አሰግድ አዘነላቸው፤ እያዘነላቸውም በወልደ ገብርኤል እጅ ዋጋ አስወደደባቸው። ክላክሱንም መቀመጫውንም ከሚገባው በላይ ከፍለው ወሰዱ። የቀራቸው መሪው ብቻ ነበር።

መሪው የወጣ ቀን ወልደ ገብርኤል ጨመረ፣ ጋሽ ሙክታር ጨመሩ። አሰግድ አንዴ ብቻ ልድገማቸው ብሎ ጨመረ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል የሽማግሌው ጽሑፍ መጣ። ከዚህ በላይ አቅማቸው እንዳልሆነ ገልጸው፣ «ወንድሜ ወልደ ገብርኤል እንኳን ደስ ያለህ፣ በሰላም ንዳበት» ይላል። አሰግድ ማንም ሳያየው ፊቱ ጋለ፣ አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ገዢው ሐሳቡን ለወጠ ሊላቸው አስቦ መሪውን ግድግዳው ላይ ወዳለው ምስማር መለሰው።

በማግሥቱ በቀትር መጋዘኑን ሲከፍት ምስማሩ ባዶ ነበር። መሪው ተደግፎበት በነበረው ግድግዳ ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ብቻ ቀርቷል። ከመደርደሪያዎቹ መካከል፣ ጠብታ ነዳጅ በማይገባበት ቤት፣ ሞተሩ አሁን የጠፋ መኪና የሚሸተው የቤንዚንና የጋለ ቆዳ ሽታ ይመጣል፤ የሆነ ቦታም የሚቀዘቅዝ ብረት ቀስ እያለ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ፋናዬን ጠየቃት። የመሪው ባለቤት መጥቶ እንደወሰደው እንደ ተራ ነገር ነገረችው። ጠዋት አሰግድ ተኝቶ ሳለ ገባ፣ ወልደ ገብርኤል ነኝ አለ፣ መጋዘኑን በራሱ ቁልፍ ከፈተ፤ ቁልፍ የሰጠኸው አንተ መስለኸኝ ነው ዝም ያልኩት አለች። ማንም ሳያሳየው ከኩሽናው ኋላ ወዳለው ቧንቧ ሄዶ እጁን ታጥቧል።

«ዘመድህ ነው አይደል?» አለች። «ሲስቅ ቁርጥ አንተን። ብቻ እሱ ሰው ዓይን ዓይን እያየ ነው የሚያወራው።»

አሰግድ መሳቢያውን ከፈተ። የእናቱ ሲም ያለበት ስልክ ባትሪው አልቆ ጨልሟል። በራሱ ስልክ ወደ ቴሌግራም ጨረታ ቡድኑ ሲገባ ግን ወልደ ገብርኤል ፎቶ ለጥፏል፤ መሪውን የጨበጡ ሁለት እጆች። በግራው አውራ ጣት ላይ አሰግድ በወጣትነቱ ቆርቆሮ ሲቆርጥ ያተረፈው ጠባሳ አለ። ከሥሩ ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ይላሉ፤ ከሁሉም ቀድመው ጋሽ ሙክታር።

እሑድ አሰግድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ለመሳለም ተሰልፎ ተራው ሲደርስ፣ ቄሱ በጸሎት እንዲያስቡት የክርስትና ስሙን ጠየቁት። አፉን ከፈተ። ስሙ ምላሱ ላይ መጣ፣ ከስሙ ጋርም የጋሽ ሙክታር ሳል መጣ፤ በዚያ ቦታ፣ በመስቀሉ ፊት፣ ስሙን መጥራት አሳፈረው።

«ረስቼዋለሁ አባቴ» አለ።

ከጀርባው የተሰለፈው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ወልደ ገብርኤል» አለ፤ ቄሱም ራሳቸውን ነቅንቀው መስቀሉን በአሰግድ ትከሻ ላይ አሳልፈው ያን ሰው ባረኩት። የቤንዚን ሽታ አንገቱ ላይ ሞቀው። ዞር ብሎ ለማየት አልደፈረም፣ ከተሳላሚው መሐል ሾልኮ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ቀስ በቀስ ነው የሄደው። የጎረቤት ባለሱቅ ሰላምታውን ሳይመልስለት አለፈ፣ ሙቀቱ ነው ብሎ ተወው። ቡድኑ ውስጥ ያወጣው ፍሬቻ አንድም ሰው ሳይጠይቀው ዋለ። ምሳ ላይ ሲቀመጥ ፋናዬ ድንግጥ ብላ ሳህን ልትጨምር ተነሣች፣ ወዲያው ግን ለምን እንደተነሣች የረሳች መስላ ተመልሳ ተቀመጠች። በየቀኑ በቀትር፣ ከተማው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ የ404 ሞተር ያ የታፈነ ጉርምርምታው ከሩቅ ይሰማል፤ መጀመሪያ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ነበር፣ ቀጥሎ ከለገሀር በኩል፣ ቀጥሎ ከሰፈሩ ማዞሪያ። አሰግድ ከፍርሃቱ ይልቅ ኀፍረቱ ይብስበት ነበር። ያ ሰው መጥቶ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም፤ ምን እንደሚለው ግን የሚያውቅ ይመስለዋል።

በመጨረሻ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገና ለጋሽ ሙክታር ደወለ። ሁሉንም ሊናዘዝ ቆርጧል። የወሰደባቸውን ይመልሳል፣ መሪም ከየትም ቢሆን ፈልጎ ያመጣላቸዋል፤ አንዲት ይቅርታ ከአፋቸው ከሰማ ይበቃዋል።

«ማን ልበል?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ከወትሮው የጠራ ነበር።

«አሰግድ ነኝ ጋሼ፣ የፔጆ ዕቃ የምሸጠው። የበደልኩዎት ነገር አለ።»

 ጋሽ ሙክታር ልጅ በሚያባብል ድምፅ ተናገሩ። ወልደ ገብርኤል ትናንት ሐረር ድረስ መጥቶ መሪውን በእጁ ገጥሞላቸዋል። እግራቸው ሥር ወድቆ በሐሰት ዋጋ ያስወደደባቸው እሱ መሆኑን ነግሯቸዋል፣ ከሚገባው በላይ የከፈሉትንም መልሷል። ባለቤታቸው መኪናዋ ላይ ተቀምጠው ጁገልን ዞረዋል፣ እንደ ሙሽራ ሽቶ ተቀብተው።

«አልቅሶ አስለቀሰኝ። ይቅር አልኩት፤ ወላሂ፣ ከአንጀቴ ነው» አሉ። «ያለችኝን አንዲት ይቅርታ ሰጠሁት። አሰግድ የሚባለውን ነጋዴ ግን ‹እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ እንዲያ የሚባል ሰው የለም› ብሎኛል። ታዲያ አንተ ማን ነህ፣ የኔ ልጅ?»

አሰግድ መልስ ለመስጠት ሞከረ። አንዱን ስም በመስቀል ፊት ክዶታል፤ ሌላውን ሊጠራ ሲል አፉ ውስጥ የሌላ ሰው ስም ሆነበት። ሽማግሌው ስልኩን ዘጉ።

የ404 ሞተሩ ጉርምርምታ ግቢው በር ድረስ መጥቶ ጠፋ። ገርበብ ባለው በር በኩል ፋናዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ልትከፍት ስትሮጥ አያት፤ ጠራት፣ አልዞረችም። የገባው ሰው በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ታጠበ። ፊቱ አልታየም፣ ጀርባው ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀና ብሏል። ፋናዬ በአሰግድ ቤት ተሰምቶ በማያውቅ ደስታ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ግባ አለችው። እሱም፣ በአሰግድ ድምፅ፣ መጋዘኑን ቆልፊው፣ ከእንግዲህ አያስፈልገንም አላት።

መጣች። በሩን ልትስብ ስትል አሰግድ ክንዷን ሊይዛት እስኪችል ድረስ ቀርባው ነበር፤ ውስጡን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች፣ ዓይኖቿ በፊቱ ላይ አለፉ፣ በግድግዳው ላይ ባለው ባዶ ክብም ላይ አለፉ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ዞራ «እውነትህን ነው፣ ምንም የቀረ የለም» አለችና ቁልፉን አዞረችው።