ሁለት መዝገብ ለአንድ ሽማግሌ

ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ኮሪደር ላይ ሠርተዋል። የእሷ ክፍል በግራ፣ የእሱ በቀኝ፤ መሀል ላይ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ። ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

እሷ የጠፉ ሰዎችን የምትፈልግ መርማሪ ናት። የያዘችውን ጉዳይ ሁሉ፣ የጠፋውን ሰው የጫማ ቁጥር ሳይቀር በቃሏ ስለምትይዝ ባልደረቦቿ «መዝገቧ» ይሏታል። እሱ የስርቆት መርማሪ ነው። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ፣ ከጆሮው ላይም እርሳስ ስለማይጠፋ «እርሳሱ» ሆኖ ቀርቷል። እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው አለቃው ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ።

አንድ ረቡዕ ማለዳ መዝገቧ ከማሽኑ ላይ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ የእሷ ያልሆነ ገጽ አብሮ መጣ። የተዘረፉ ዘጠኝ ቤቶች ዝርዝር ነበር። መልሳ ልታስቀምጠው ስትል ዓይኗ ስድስተኛው መስመር ላይ ቆመ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት።

ኮሪደሩን ተሻግራ ሳታንኳኳ ገባች።

«ይህ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው። የት አገኘሽው?»

«ማሽኑ ላይ ረስተኸው። ስድስተኛው ቤት የተዘረፈው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰዎቹ ሥራ ላይ ሳሉ። ዘጠኙም እንደዚያው ነው። በር አልተፈነቀለ፣ መስኮት አልተሰበረ። ሌባው ቁልፍ አውጥቶ እንደ ገዛ ቤቱ ይገባል፤ ሲወጣም ቆልፎ ነው የሚሄደው። ጨዋ ሌባ ነው።»

«የእኔ ሰውዬ ሰኞ ዕለት እዚያ በር ላይ ቆሞ ታይቷል።»

«ያንቺ ሰውዬ ማን ነው?»

ከመመለሷ በፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ከጠፉ ዘጠኝ ቀናቸው። ጡረታ የወጡ ቁልፍ ሠሪ።»

እሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ተያዩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያሰቡትን ነገር ሁለቱም ቀድመው ሊናገሩት አልፈለጉም።

ሽማግሌው የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምረዋል፤ ትናንትን ከዛሬ ያምታታሉ፤ ልጃቸውን በሟች ሚስታቸው ስም ይጠራሉ። በዚያ ሰኞ ጠዋት መሣሪያቸውን በቦርሳ ይዘው «ሥራ አለብኝ» ብለው ወጡ። ነርሷ በየቀኑ ከሥራ በፊት የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ትመጣና በመዝገቧ ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች። «ዛሬስ?» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።

ያን ዕለት ግን አንድ ደብተር ይዛ መጣች። አባቷ በሠሩባቸው ዓመታት ቁልፍ የገጠሙለትን በር ሁሉ በእርሳስ ሥለው፣ ከሥሩ አድራሻውን ጽፈው ያስቀመጡበት ነው። አርባ ስድስት በር። የእርሳሱ ዘጠኝ ቤቶች ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ።

«እንግዲህ ያንቺ የጠፋ ሰውና የእኔ ሌባ አንድ ሰው ናቸው» አለ እርሳሱ፣ ነርሷ ከወጣች በኋላ።

«ወይም አይደሉም» አለች መዝገቧ።

ቀሪዎቹን ሠላሳ ሰባት በሮች አብረው ሊያንኳኩ ተስማሙ። እሱ ሌባውን፣ እሷ ሽማግሌውን ፍለጋ።

አራት ቀን ተጓዙ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ቤቶቹ የተራራቁ። እሱ እርምጃው ረጅም ስለሆነ ወደፊት ይሄድና ቆሞ ይጠብቃታል፤ መጠበቁን እንዳታውቅበት ግን የጫማ ማሰሪያውን እንደሚያጠብቅ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን «ይህ ጫማ ማሰሪያ የለውም እኮ» አለችው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ያነጋገሯቸው ሰዎች የሚሉት ለእሷ ጥሩ አልነበረም። በዚያ ሰኞ ሽማግሌው በየበሩ ቆመው መቆለፊያውን ሲነካኩ ያያቸው ብዙ ነው። ያኔ የቆሙባቸው ሦስት ቤቶች በዚያው ሳምንት ተዘርፈዋል። የቀድሞ ሱቃቸውን የተከራየው ጎልማሳም «ጋሼ የየበሩን ትርፍ ቁልፍ ሁሉ ይዘው ነው የወጡት፤ እኔ ጋ አንድም የለም» አለ፤ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ወንበር ጠርጎ ነው ያስቀመጣቸው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያሉት ጥቂት በሮች ብቻ ሲቀሯቸው፣ ዝናብ ያዛቸውና አንድ ፋርማሲ በረንዳ ሥር ተጠለሉ።

«አባቴም ይረሳ ነበር» አለ እርሳሱ ዝናቡን እያየ። «መጨረሻ ላይ ሁለት ዓመት በወንድሜ ስም ነው የጠራኝ። ወንድሜ ሞቷል። እኔም 'አቤት' እለዋለሁ።»

መዝገቧ ተጠጋችው። የእጁን ጀርባ በእጇ ነካችውና እዚያው ተወችው። ዝናቡ ሲያባራም ወዲያው አልተንቀሳቀሱም።

«ከሥራ ውጪ ሻይ ልጋብዝሽ ብል?» አለ።

«ሻዩን እንኳ እጠጣለሁ። ቤቴ ድረስ ልሸኝሽ እንዳትል ብቻ። እናቴ ፖሊስ አትወድም።»

«አንቺስ ፖሊስ አይደለሽም?»

«እኔን ወልዳኝ ነው፤ ምን ታድርገኝ! አባቴ ሠላሳ ዓመት ፖሊስ ነበር። 'ከዚህ ቤት ሁለተኛ የፖሊስ ሚስት አትወጣም' ትላለች።»

ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ ግን ቀልድ እንዳልነበር እሷ ታውቃለች።

ሰኞ ጠዋት ነርሷ መጣች። «ዛሬስ?» አላለችም። ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የነቀለችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የአባቷ ፎቶ ነው፤ ከላዩ በደማቅ ቀለም «በስርቆት የሚፈለግ» ይላል። ከሥር የእርሳሱ ፊርማ።

«ፎቶውን እኔ ነኝ የሰጠሁሽ» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ፈልጊልኝ ብዬ ነው የሰጠሁሽ። አሳድደሽ ያዢልኝ አላልኩም።»

መዝገቧ ወረቀቱን ይዛ ኮሪደሩን ተሻገረች።

«አንተ ነህ ይህን ያደረግኸው?»

«እኔ ነኝ።» ተነሥቶ ቆመ። «ስሚኝ። ለጠፋ ሽማግሌ የተመደበው ማን ነው? አንቺና አንድ መኪና። ለሌባ ሲሆን ግን ከተማው በሙሉ ይነሣል። ቶሎ እንዲገኙ ብዬ ነው።»

«ሌባ ናቸው ብለህ ታምናለህ?»

ወረቀቱን ወስዶ ፎቶውን ማየት ጀመረ። ይህ መልስ ሆነባት።

«አራት ቀን አብረን ስንዞር ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለች። «ፋርማሲው በረንዳ ላይ ስለ አባትህ ስትነግረኝ እንኳ ልትነግረኝ ትችል ነበር።»

«ያኔ ገና አልፈረምኩም ነበር።»

«አስበኸው ግን ነበር።»

በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ወረቀቱ በተለጠፈ በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ወተት አከፋፋይ ነው። ሌባው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ አንዲት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ቤት ተደብቋል አለ። አለቃው ወዲያው ስድስት መሣሪያ የታጠቁ ፖሊሶች እንዲነሡ አዘዘ።

«አለቃ፣ እኔ ልቅደም» አለች መዝገቧ። «ሽማግሌ ናቸው፤ ደንግጠው አንድ ነገር ይሆናሉ። ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

አለቃው አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ እርሳሱ ከበሩ ላይ ተናገረ፦ «የፈለግኋቸው እኔ ነኝ፣ ፊርማውም የእኔ ነው። አብሬያት እሄዳለሁ። አንድ ነገር ቢፈጠር እኔ ልጠየቅ።»

አለቃው ግማሽ ሰዓቱን ፈቀደ። በመኪናው ውስጥ እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ቤቱ ትንሽ ነው፤ ደጃፉ የተጠረገ። ሽማግሌው በሩ ሥር ተንበርክከው በካቻቢቴ ብሎን ይፈታሉ። አጠገባቸው በርጩማ ላይ አሮጊቷ ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«አሥራ አምስት ቀኑ ነው» አሉ አሮጊቷ፣ ጎረቤት የመጣ ይመስል። «ዱሮ ይህንን በር እሱ ነው የገጠመልኝ። አንድ ሰኞ ሲመሽ 'መቆለፊያውን ልቀይር መጣሁ' ብሎ ደረሰ። ይፈታል፣ ይገጥማል። በነጋታው ይረሳውና እንደገና ይፈታል። ቤትህ የት ነው ስለው 'ሥራዬን ልጨርስ' ነው መልሱ። ምን ላድርግ? አበላዋለሁ፣ አሳድረዋለሁ። ስልክ የለኝ፤ ለወተት አምጪው 'ሰው የጠፋበት ካለ ጠይቅልኝ' ብዬው ነበር፤ መች ሰማኝ!»

መዝገቧ እርሳሱን አየችው። ወተት አምጪው ለጠፋ ሰው አልደወለም፤ ለሌባ ግን ደውሏል። እርሳሱም ይህንን ሰምቷል። ደስ ያለው አይመስልም ነበር፤ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ደረጃው ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠች። «አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«መቆለፊያ እየቀየርኩ፣ የኔ ልጅ። ቁልፉ ሰው እጅ ገብቷል።»

«ማን እጅ?»

«ሱቄን የተከራየው ሰውዬ። ትርፍ ቁልፎቹን አቅልጣቸው ብዬ ሰጥቼው ነበር። አንድ ቀን ብገባ ጓዳው ውስጥ በምስማር ተሰቅለው አየኋቸው። አርባ ስድስቱም። የእጄ ሥራ ናቸው፤ አይጠፉኝም።» ካቻቢቴውን አስቀመጡ። «ከበር በር ሄድኩ። ቀይሩ ልላቸው። ማን በሩን ይከፍትልኛል? ለልመና የመጣሁ ነው የመሰላቸው። ኋላ መንገዱ ተምታታብኝ። ይህንን በር ግን አወቅሁት።»

እርሳሱ ረጅም ቁመቱን አጥፎ ከፊታቸው ተንበረከከ። «አባባ» አለ። ወድቆ የነበረውን ብሎን አነሣና በመዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

ተከራዩ በዚያው ቀን ተያዘ። ቁልፎቹ በምስማር ላይ ነበሩ፤ ሊዘርፈው ያሰበው የአሥረኛው ቤት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ላይ ተዘጉ። ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ቤት ተመለሱ፤ ነርሷ በሩ ላይ ስትቀበላቸው በሚስታቸው ስም ጠሯት፣ እሷም «አቤት» አለች።

መዝገቧና እርሳሱ ግን ወደ እግዜር ሰላምታቸው ተመለሱ። በሰላምታው ጊዜ ዓይኑ ይቆይባታል፤ እሷ ወረቀቷን ታያለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንዳንዴ እሱ የሄደበት አይታወቅም፤ ጠዋት ከቢሮ ይወጣና ከሰዓት አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የት እንደሚውል አልጠየቀችም።

አንድ ቀን እናቷ ከጤና ጣቢያ ተመልሰው፣ ነጠላ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ስልክ እንጨት የቆመ ልጅ እናንተ ጋ ይሠራል?»

«ምነው እማዬ?»

«ግፊቴን ልለካ ተሰልፌ ነበር። ገባና መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፈ። 'እኒህ ሰው ንጹሕ ናቸው፣ የተሳሳተው ፖሊስ ነው' የሚል። በየጣቢያው በእግሩ እየዞረ እየለጠፈ ነው አሉ። ከዚያ በዚያ ሁሉ በሽተኛ ፊት ነርሷ ጋ ሄደና 'አባትሽን ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ' አላት።»

መዝገቧ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እሷስ ምን አለችው?»

«ምን ትለዋለች? አየችው። ብዙ አየችው። ኋላ 'ቁጭ በል፣ ፊትህ ገርጥቷል' አለችና ግፊቱን ለካችለት። ከእኔ ቀድሞ ተለካ!» እናቷ ጫማቸውን አወለቁ። ጎን ለጎን አስቀምጠውት «አባትሽ ጥሩ ሰው ነበር» አሉ። «ግን ሠላሳ ዓመት ስኖር አንድ ቀን 'ተሳስቻለሁ' ሲል አልሰማሁትም። እኔ የጠላሁት ልብሱን አልነበረም።»

«እማዬ…»

«ባለፈው ወር በዝናብ የመጣሽ ቀን እየሳቅሽ ነበር የገባሽው። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሽም። የእኔስ ዓይን መርማሪ አይደለም? እሁድ ምሳ ይምጣ በይው።»

እሁድ መጣ። ፀጉሩን ተቆርጧል፤ አዲስ ሸሚዙ ላይ የሱቁ መርፌ ተሰክቶ ቀርቷል። እናቷ መረመሩት፤ የቤተሰቡን፣ የጤናውን፣ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ። ሁሉንም መለሰ። ባልና ሚስት በአንድ አለቃ ሥር መሥራት እንደማይፈቀድላቸው ሲያነሡበት፣ ወደ ሌላ ጣቢያ ለመዛወር ማመልከቻ ማስገባቱን ተናገረ።

«መቼ አስገባህ?» አለች መዝገቧ።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ገና ሰላምታህን እንኳ በቅጡ አልመለስኩልህም ነበር!»

«ለማንኛውም ብዬ ነው።»

እናቷ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከምሳ በኋላም እሱ ተነሥቶ፣ ልጃቸውን እንዲሰጡት ጠየቀ። እናቷ ምን ቸገረኝ እንደማለት ትከሻቸውን ሰበቁ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። «እኔ ተስማምቻለሁ» አሉት።

መዝገቧ እስከ በሩ ሸኘችው። ከሰዓት በኋላው ፀጥ ያለ ነው፤ መንገዱ ላይ አንድ ድመት ብቻ ያቋርጣል። እሱ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ተነፈሰ።

«በል ደህና ዋል» አለችው።

«እንዴ፣ ደስ አላለሽም?»

«ምን ደስ ይለኛል? ማመልከቻህን ለአለቃህ አስገባህ፣ እናቴን ጠየቅህ፣ እናቴም ተስማማች። ስለ እኔ ከሁሉም ሰው ጋር ተነጋግረሃል። እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?»

ቆመ። በሥራ ዘመኑ ስንት ሰው መርምሮ፣ አንድ ጥያቄ አፉ ላይ ደርቆበት ቀረ። ቸኩላ አላገዘችውም። ጠበቀችው።

«ታገቢኛለሽ?» አለ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ ያሰብኩትን ሁሉ ቀድሜ ላንቺ ነው የምነግርሽ። ክፉውንም፣ ሳልፈርምበት።»

አየችው። ረጅም ጊዜ ስላየችው እንደገና መገርጣት ጀመረ።

«አገባሃለሁ» አለችው።

የሳሎኑ መስኮት ተከፈተ። «ይሰማል እኮ!» አሉ እናቷ። «ግቡና እዚህ ተነጋገሩ!»