የልብስ ሰፊዋ ሜትር

በዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚጠፋ አንድ ዕቃ ነበር፤ የልብስ ሰፊዋ ሜትር።

«አንተ ልጅ፣ ሜትሬን አይተሃል?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ እማዬ!» ይላል የሃያ ሁለት ዓመት ልጇ። ወደሚሠራበት የስልክ ጥገና ሱቅ ሲሄድ ግን ሜትሩ ስፌት መኪናዋ ላይ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ልጁ ድሮ ቀጭን ስለነበር «ስፒል» ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት። ደንበኞቿ ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሩት ነበር። ጂም ከገባ በኋላ ደረቱ ሰፋ፤ ሸሚዞቹን እየተረተረች አሰፋችለት። «አሁን ገና ወንድ መሰልክ!» እያለችም ኮራች።

ከገበታዋ መራቁን ግን እያየች አለፈችው። የዶሮ ሥጋ በሚዛን መዝኖ፣ ያለ ጨው ቀቅሎ ለብቻው ይበላል፤ የእንቁላሉን አስኳል ይጥላል። እህቱ ምሳ ስትጠራው ሰበብ አያጣም። ሴትየዋ ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ስለሆነ፣ ሱስ ይዞት እንደሆነ ብላ ኪሱን ሁሉ ፈትሻለች። ጤና የሚመስለውን ነገር ግን ማን ይጠረጥራል?

አንድ ጠዋት በሩን ገፋ ብታደርግ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ክንዱን በሜትሯ ሲለካ አገኘችው። እንባ አቅርሯል።

«ክንዴ ግማሽ ሳንቲ ቀነሰ፤ ወገቤ ጨመረ። የትናንቱ ሾርባሽ ነው። ዛሬ ምንም አልበላም።»

«አንድ ጭልፋ ሾርባ?»

«አንቺ አይገባሽም!» ብሎ ሊወጣ ሲል የበሩ ደፍ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ሐኪም ቤት አደረሰችው። ሐኪሟ መርምራው ስታበቃ «ክንዱን አይተው አይሸወዱ፤ ሰውነቱ ተርቧል» አለቻት። «የምግብና የመልክ ጭንቀት ሕመም ሆኖበታል። ይድናል፤ ብቻውን ግን አይወጣውም።»

እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም የኔ ልጅ?»

«ከከሳሁ እንደገና ስፒል ትዪኛለሽ ብዬ።»

እጁን ያዘች። «ይቅር በለኝ» አለችው። «እኔ በመልክህ ወድጄህ አላውቅም። በመልክማ ቢሆን እህትህ ትበልጥሃለች።»

እያለቀሰ ሳቀ።

እኛ ወላጆች፣ ልጃችን ከገበታ ሲርቅ «ስፖርተኛ ሆኗል» ብለን አንለፈው። ክንዱን ከማድነቃችን በፊት በልቶ እንደሆነ እንጠይቀው። ለሳቅ ያወጣንለትንም ስም መልሰን እናስበው።

ሕክምናው ወራት ፈጀ። አንድ እሑድ አዲስ ሸሚዝ አለበሰችው።

«ስንት ሳንቲ አደረግሽው?»

«አልለካሁትም፤ በዓይኔ ቆረጥኩት። ይልቅ ቁጭ በልና ብላ።»

ከሾርባው አንድ ማንኪያ ቀመሰ። ቆም ብሎ ሳህኑን አየ። እሷም ትንፋሿን ያዘች።

ከዚያ ሁለተኛውን አነሳ።