ሲነኩት የፈረሰው ሦስት ማዕዘን

መምህር ገብረወልድ፣ ሚዛን ከተማ በሚያስተምሩበት ኮሌጅ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ማጅራታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። ስክሪኑ ላይ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ሴቭ የተደረገው ልክ በሰባት ሰዓት ነው።

ያገኘቻቸው ረዳታቸው ሐፍሳ ናት፤ ሰባት ከሩብ ላይ ምሳቸውን ይዛ ስትገባ። ታዲያ እሷኑ ያዟት!

«ሰባት ሰዓት ላይ ሲስል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የገባችው እሷ ብቻ ናት» አሉ የሥዕል መምህሩ ታምሩ። «እኔና ሰይፈዲን ሰባት ከአምስት ላይ ምሳ ቤት ተገናኝተናል።» የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛው ሰይፈዲን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ኢንስፔክተር ማናልሞሽ ግን በቀላሉ የምታምን ሴት አይደለችም። ሐፍሳን ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻት።

«ይሄ የመምህርሽ ፕሮግራም ምንድን ነው የሚሠራው?»

«በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ በማውስ። ሁለት ክብ ይሠራሉ፣ ክቦቹ የሚገናኙበት ሦስተኛው ጫፍ ይሆናል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ቢጎትቱት ሁሉም ይከተላል፤ እኩልነቱ አይበላሽም።»

ማናልሞሽ ጫፉን ጎተተችው። ሦስት ማዕዘኑ ተንጋደደ።

«ወይ ጉድ!» አለች ሐፍሳ። «ይሄንን ጋሼ አልሠሩትም! በግምት የሚሠራ ተማሪ አይወዱም።»

በማግስቱ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸውና ያንኑ ቅርጽ እንዲሠሩ አዘዘች። ታምሩ ቀደሙ። «እኔ ዓይኔ ይበቃኛል» ብለው ሦስት ነጥብ ጠብ ጠብ አደረጉ፤ ቁርጥ ያንኛውን! ሐፍሳ በሁለት ክብ ሠራች። ሰይፈዲንም እያላበው በሁለት ክብ ሠራ።

«ገብረወልድ የሞቱት ከሰባት በፊት ነው» አለች ማናልሞሽ። «ገዳዩ በሰባት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ለማስባል ይሄንን የራሱን ሥዕል ሴቭ አድርጎ ምሳ ሄደ። ሐፍሳ አይደለችም፤ ሰዓቱ የሚያስይዘው እሷኑ ነው። ሰይፈዲን ያለ ክብ አይሆንለትም። በዓይኑ ብቻ እንዲህ የሚያሳምረው አንድ ሰው ነው፤ መምህር ታምሩ፣ እርስዎ ነዎት።»

ታምሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። አይ ቅናት!

«ሃያ ዓመት በእጄ አስተማርኩ! ተማሪው ሁሉ ወደሱ ጎረፈ፣ አዲስ አበባም የተጠራው እሱ ነው፤ እኔን ማን ጠራኝ? ቀናሁ፣ አዎ! የዚያን ቀን እንደምንም ብዬ በሱው ማሽን ሣልኩና አሳየሁት። ‹ያምራል ታምሩ፤ ግን ሲነኩት ይፈርሳል› አለኝ።»

ሐፍሳ እንባዋ መጣ።

«ለእኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነው ያሉኝ፣ ጋሽ ታምሩ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሩኝ።»