የሳንታ ኢሪያ ጉድጓድ

መምህር ኦሌጋሪዮ ዱትራን ሞተው ያገኘቻቸው ቤኒልዴ ጎላርት ናት። ሲጮህ ያደረው ነፋስ ጋብ ሲል ሻሿን አጥብቃ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ባልዲዋን ከደጅ አጣችው። «ነፋሱ ወስዶት ይሆናል» ብላ የቆርቆሮ ማሰሮ ይዛ፣ በቤታቸውና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ወዳለው ጉድጓድ ወረደችና ጎንበስ አለች።

ከታች፣ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ለጥቁሩ አለት ሰጥተው ተቀምጠዋል። ነጭ ጸጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። አንድ ነገር ሊናገሩ ጀምረው ሰው ያቋረጣቸው ይመስል አፋቸው ከፈት ብሏል። አጠገባቸው ገመድ የታሰረበት ባልዲ ይንሳፈፋል።

ቤኒልዴ አልጮኸችም። ማሰሮዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችና ቄሱን ልትጠራ ሄደች።

ኢንስፔክተር ቬናንሲዮ ብሩም ከማዶ ደሴት፣ ከኦርታ ከተማ የተሻገረው ረፋዱ ላይ ነው። አጭርና ደልደል ያለ ሰው ነው፤ ጀልባ ላይ ሲወጣ ፊቱ እንደ ሰም ይገረጣል፤ ሆዱን ለማስታገስ ደረቅ በለስ ያኝካል።

«ጌታዬ፣ ከሰዓት በኋላ ይኼ ባሕር አይታመንም» አለው ጀልባ ቀዛፊው። «ከቆዩ እዚሁ ማደርዎ ነው።»

«ገዳዩም እዚሁ ያድራላ።»

«የምን ገዳይ? አዳልጧቸው ነው እኮ የተባለው! ውሃ ሊቀዱ ሄደው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም ሰው።»

ብሩም በለሱን ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዛወረ። «ሁሉም ሰው አንድ አፍ ሲኖረው ደስ አይለኝም» አለ።

ጉድጓዱ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ የአፉ ዙሪያ ከፍታው ከሰው ጉልበት አያልፍም። ውሃው ከባሕሩ ጋር ይተነፍሳል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ይወርዳል፣ ሲሞላ ይወጣል። ብሩም ዙሪያውን ሲመለከት ቆየና ካጠገቡ ወደቆሙት ወደ አባ ኤርሚኒዮ ዞረ።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ግንባራቸው ተመትቷል፤ የገደላቸው ግን ውሃው ነው ብሏል።»

«ይኼ ጉልበት የማይደርስ ውሃ?»

«ማታ እኮ ሙሉ ነበር። የጸሎት ደወል ስደውል ማዕበሉ መንገዱን ይመታል። ያን ጊዜ በደጄ ሲያልፉ ሰላም ብለውኛል። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። በዚያ ነፋስ ማንም ለጸሎት አልመጣም፤ ብቻዬን ነው የጸለይኩት።»

«ውሃ ሊቀዱ ሄደው አዳለጣቸው የሚለውን ከማን ሰሙ?»

ቄሱ አሰቡ። «ከቤኒልዴ እህት፣ ከዶና ኡርሱላ መሰለኝ።»

ብሩም ቄሱን አስከትሎ ወደ ሟቹ ቤት ገባ። ባለትዳር ያልነበሩ ሰው ቤት ነው፤ ንጹሕና ብርድ ብርድ የሚል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት የውሃ ማሰሮዎች እስከ አፋቸው ሞልተው፣ በጨርቅ ተሸፍነው ቆመዋል። ከአንዱ በኩባያ ጨልፎ ጠጣ። ጣፋጭ ነው፤ ጨው አይልም። ባልዲያቸውም ከበሩ ጀርባ ደርቆ ተሰቅሏል።

«አባ፣ ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ኧረ ሁሌም ነው የምንጣላው!» አሉ ቄሱ እየተቆጡ። «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አያቶቹን ፍለጋ ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ያረጀውን የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። መዝገቦቹ በስብሰው ሳያልቁ ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይሂዱ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን አይወጡም እላለሁ። ጮኹብኝ። እኔም ጮኽኩባቸው። ለዚህ ሰው ይገድላል ብለው ነው?»

«በመጨረሻ የጠየቁት መዝገብ የትኛው ነበር?»

«የክርስትናውን። ጆይስ የምትባል ልጅ ከአሜሪካ፣ ከኒው ቤድፎርድ መጥታ፣ ጎላርቶች ቤት ነው ያረፈችው፤ እናቷ እዚህ ነው የተጠመቁት። መምህሩ እሱን ካዩ በኋላ የዚያኑ ዓመት የቀብር መዝገብ ስጡኝ አሉ።»

«የጆይስ እናት የሞቱት የት ነው?»

«አሜሪካ። ባለፈው ክረምት።»

ብሩም ማኘኩን አቆመ። ሁለቱንም መዝገቦች አስወጣ። በመጀመሪያው ላይ ብዙ አልቆየም። ሁለተኛውን ግን ገጽ በገጽ፣ ዓመቱን ከዳር እስከ ዳር፣ ደግሞም ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። የፈለገውን አላገኘም። ባለማግኘቱም ፊቱ ጠቆረ።

ጆይስን ያገኛት በባሕሩ ግንብ ላይ ተቀምጣ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት ሴት ናት፤ ቋንቋውን የምትናገረው በልጅነቷ ከቤት እንደለቀመችው ነው።

«መምህሩን መንገድ ላይ ጮኸሽባቸዋል አሉ።»

«ጮኼባቸዋለሁ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አግኝቻለሁ አሉኝ፤ ከዚያ አልነግርሽም አሉ። ‹ልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤ በመጀመሪያ የሚሰማ ሌላ ሰው አለ› አሉኝ። ይኼን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት ለመታገሥ ነው?»

«ማን እንደሆነ ነግረውሻል?»

«አልነገሩኝም። እሑድ ትሰሚያለሽ ብቻ አሉ።»

«ጎላርቶች ቤት ተመችቶሻል?»

«እማማ ቤኒልዴ መልአክ ናት። እንዳግዛትማ አትፈቅድም። በመጣሁ ማግስት ቀድሜ ተነስቼ ውሃ ቀዳሁና ሾርባው ጨው ሆኖ ተደፋ። ‹ባሕሩ ሲሞላ አይቀዳም፣ አንቺ የአሜሪካ ሞኝ!› ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ባሕሩን ሳላይ ባልዲ አልነካም።»

ቤኒልዴን ያገኛት በመቃብሩ ቦታ ነው። ከግንቡ ሥር ተንበርክካ፣ ስምም መስቀልም ከሌላት አንዲት ትንሽ ጉብታ ላይ አረም ትነቅላለች።

«እርስዎ ነዎት ያገኟቸው?» አላት። «እርስዎ» ሲላት ዞር ብላ ከኋላዋ ሌላ ሰው ፈለገች።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«በጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ባልዲ የማን ነው?»

«የእኛ ነው። እጀታውን እኔው በሽቦ የጠገንኩት። እንዴት እዚያ እንደገባ እንጃ።»

ብሩም ኮፍያውን አውልቆ ጉብታዋን አየ። «ይህችስ የማን ናት?»

እጆቿ አፈሩ ላይ ቆሙ። «የእኔ ናት። ሳላገባ የወለድኳት። አባቴ ገና በሕይወት ነበር፤ ቤቱ እንዴት እንደነበር ምን ልንገርዎት። ወልጄ በትኩሳት ወደቅሁ፤ ራሴን አላውቅም ነበር። ስነቃ እህቴ ኡርሱላ ‹ሞተች› አለችኝ፤ እጄን ይዛ አምጥታ እዚህ ጋ አሳየችኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ነው።»

«ስም ነበራት?»

«ክርስትና ተነስታለች። ስሟን ግን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ኡርሱላ አትወድም።»

ዶና ኡርሱላ ጎላርት ኢንስፔክተሩን የተቀበሉት ከመስኮቱ አጠገብ፣ ባለ ከፍተኛ መደገፊያ ወንበር ላይ ሆነው ነው። ሰባውን ያለፉ ቢሆኑም ትከሻቸው የወንድ ነው፤ እጃቸው ግን ነጭና ልስልስ፣ ሥራ የማያውቅ እጅ።

«ቤኒልዴ! ለእንግዳው ወይን!» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ከዚያ ለብሩም፦ «ምስኪን ሰው። በዚህችው መስኮት አየሁት፤ ሊመሽ ሲል ባልዲውን ይዞ ሲወርድ።»

«የራሳቸውን ባልዲ?»

«ታዲያ የማንን ይይዛል?»

«እሳቸው አነጋግረዎት ነበር? በዚህ ሳምንት?»

«እኔና እሱ የምንነጋገረው ነገር የለንም» አሉ ዶና ኡርሱላ፤ ቤኒልዴ ያመጣችውን ወይን አይተው፦ «ይሄ ብርጭቆ አይደለም። ሌላውን አምጪ።»

ቀትር ካለፈ በኋላ ሰማዩ ወደ ምድር ወረደ። ብሩም ቄሱን፣ ጆይስንና ሁለቱን እህትማማቾች በቤተ ክርስቲያኑ የዕቃ ቤት ሰበሰባቸው። በሩ ላይ ሁለት የአካባቢው ፖሊሶች ቆሙ። ጣሪያው በነፋሱ ሲንኳኳ ሁሉም ቀና እያለ ያይ ነበር።

«ከሁሉ በፊት አንድ ተራ ጥያቄ አለኝ» አለ ብሩም። «እኔ የከተማ ሰው ነኝ። ዶና ኡርሱላ፣ ከዚያ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዳው መቼ ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አሉ በንቀት። «ሲሞላ ነዋ! ውሃው ወደ ላይ ሲቀርብ።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ጆይስ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኡርሱላ…» አለች ቤኒልዴ፣ ልጅ የምታርም ይመስል በለሆሳስ። «ሲሞላ እኮ ጨው ነው። ለአሳማም አይሆን። ባሕሩ ሲሸሽ ነው የሚቀዳው።»

ብሩም ቁጭ አለ።

«መምህር ኦሌጋሪዮ ውሃ ሊቀዱ አልሄዱም» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «ማሰሮዎቻቸው ሙሉ ናቸው፤ ባልዲያቸው ከበር ጀርባ ደርቆ ተሰቅሏል። ዶና ኡርሱላ ግን ባልዲውን ይዞ ሲወርድ አየሁት ይላሉ። በጉድጓዱ ውስጥ የተገኘው ባልዲ የጎላርት ቤት ነው። ከዚያ ቤት ደጅ አንስቶ ወደዚያ የወሰደው ሰው ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው የጣለው። አባ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው፤ ይህን ስህተት አይሠሩም። ጆይስ ሾርባ አበላሽታ ተምራለች። ቤኒልዴማ ዕድሜ ልካቸውን የቀዱት እርሳቸው ናቸው። በዚህ መንደር ውሃው መቼ እንደሚጣፍጥ የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። ውሃ ሁልጊዜ በብርጭቆ የቀረበለት ሰው።»

«ቅሌታም!» አሉ ዶና ኡርሱላ። «ያን ሽማግሌ ምን ብዬ ነው የምገድለው?»

«እሱን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር» አለና ብሩም ወደ ቤኒልዴ ዞረ። «የእናቷን ወላጆች ለምትፈልግ ልጅ የክርስትና መዝገብ ይበቃል። መምህሩ ግን የዚያኑ ዓመት የቀብር መዝገብ ጠየቁ። አሜሪካ ለሞተች ሴት እዚህ መቃብር ይፈለጋል? የፈለጉት የሕፃን ቀብር ነበር። እኔም ፈለግኩ። በዚያ ዓመት በሳንታ ኢሪያ ክርስትና የተነሳ ሕፃን አልሞተም። እማማ ቤኒልዴ፣ ከዚያች ጉብታ ሥር ማንም የለም።»

ቤኒልዴ ጥፍሯ ውስጥ የቀረውን አፈር አየች።

«የልጅዎን ስም ይንገሩኝ።»

«ዴልሚራ» አለች። ከአፏ ስትወጣ ቃሉ ሻካራ ነበር።

ጆይስ ብድግ አለች። «እናቴ ዴልሚራ ነው ስሟ! ዴላ እንላት ነበር፤ ፓስፖርቷ ላይ ግን ዴልሚራ ነው!»

«በክርስትናው መዝገብ እናት ቤኒልዴ ጎላርት ይላል፤ አባት የለም» አለ ብሩም። «የክርስትና እናት፦ ኡርሱላ ጎላርት። ከጎኑ የዚያ ዘመን ቄስ፣ አቪላ ከሚባሉ ባልና ሚስት ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች ብሎ ጽፏል። መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። ለጆይስ ከመናገራቸው በፊት እናቲቱ ትስማ ብለው፣ ያንንም ከእህቷ አፍ እንድትሰማ ፈልገው፣ ዶና ኡርሱላ ዘንድ ሄዱ።»

ዶና ኡርሱላ ፊታቸውን ከቤኒልዴ አዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የደከመ እንጂ የተጸጸተ አልነበረም።

«እስከ እሑድ ጊዜ ሰጠኝ። እሱ፣ ለእኔ! ንገሪያት አለኝ። ምን ብዬ? ባዶ መሬት ላይ ሳስለቅስሽ ኖርኩ ልበላት? ያኔ ብነግራት ልጇን ተከትላ ትሄድ ነበር። እኔስ? እዚህ ከአባቴ ጋር ብቻዬን ልቀር?» ነጫጭ እጆቻቸውን ተመለከቱ። «ባልዲ ወደቀብኝ አልኩት። ሰው ሲለምነው እምቢ አያውቅም። ‹በዚህ ሰዓት ውሃ ምን ያደርግልዎታል?› ብሎ ሳቀና ጎንበስ አለ። ለምን እንደሳቀ አሁን ነው የገባኝ።»

ፖሊሶቹ በሁለት ወገን ያዟቸው። ባሕሩ ስለማያሻግር ሌሊቱን በጥበቃ ቤት ማደራቸው ነው። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

«ቤኒልዴ፣ ካባዬን አምጪልኝ። ይበርዳል።»

የቤኒልዴ ጉልበቶች ከእሷ ቀድመው ተነሡ። ግማሽ ቆመች። ከዚያ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ዶና ኡርሱላ ደግመው ጠሯት። ፖሊሶቹ በሩን ሲከፍቱት ነፋሱ የሴትዮዋን ድምፅ ወሰደው።

አባ ኤርሚኒዮ መብራት ሊያመጡ ወጡ። ብሩም መዝገቦቹን ደራርቦ፣ ሁለቱን ሴቶች ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ።

ጆይስ ወንበሯን አስጠጋች። ከቦርሳዋ ፎቶግራፍ አውጥታ በአሮጊቷ ጉልበት ላይ አኖረች። ቤኒልዴ አላነሳችውም፤ ሸካራ ጣቷን በፎቶግራፉ ላይ ሳታሳርፍ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። «ፎቶ ደግሞ አይናገርም። አንቺ ንገሪኝ።»

«ከየት ልጀምር?»

«ስትስቅ እንዴት ነበረች?»

«ጮክ ብላ ነበር የምትስቀው። ጎረቤት እስኪሰማ።»

«ጎረቤት እስኪሰማ» ብላ ደገመች ቤኒልዴ፤ ዓይኗንም ከፎቶግራፉ አላነሳችም።