ማሽላው ከታጨደ ሉባባ የት ትሂድ?

ሉባባ ማሽላ ትወዳለች። ለመብላት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በጓሮ ያለው ማሽላ ከአባቷም ይረዝማል። ሆዷን ሲቆርጣት ሮጣ እዚያ ትገባለች።

ማሽላው «ሿ... ሿ...» ይላል። ማንም አያያትም።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር። ማሽላ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ዝም ይላል።

ዝንቦቹ ግን ዝም አይሉም። «ዝዝዝ» እያሉ ከማሽላው ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ማሽላው ይመላለሳሉ።

አንድ ጠዋት ጎረቤቶች ማጭድ ይዘው ለደቦ መጡ። «ከረጭ! ከረጭ!» ማሽላው መውደቅ ጀመረ።

ሉባባ ሮጣ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ ትንሽ ተውልኝ» አለችው።

አባቷ ሳቀ። ጣፋጩን አገዳ፣ ጥንቅሹን፣ ልትመጥ የፈለገች መሰለው። ጥጉ ላይ ጥቂት አገዳ ተወላት።

በማግስቱ ከብቶቹ እርሻው ላይ ተለቀቁ። አንዲት ላም ጥጉ ጋ ደረሰች። «ቆርጠም፣ ቆርጠም።» የሉባባ አገዳ አለቀ።

ሉባባ ሆዷን ቆረጣት። ወዲህ አየች፣ ሜዳ ነው። ወዲያ አየች፣ ሜዳ ነው። አለቀሰች።

እናቷ መጣች። «ለአገዳ ነው የምታለቅሽው?»

«አይደለም እማ። አሁን የት ልሂድ? ሰው ያየኛል።»

እናቷ ኩታዋን ዘርግታ ከለለቻት። «እኔም እኮ ማሽላው ሲታጨድ እንደጨነቀኝ ነው የምከርመው» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ሉባባን ይዛ ጎረቤቶቹ ወደተሰበሰቡበት አውድማ ሄደች።

«ለእህሉ ደቦ ወጣችሁ» አለቻቸው። «ለመጸዳጃ ቤትስ ደቦ አይወጣም?»

ወንዶቹ አፍረው መሬት መሬት አዩ። ሴቶቹ «እውነቷን ነው» አሉ።

ሽማግሌው ጎረቤት አያ ይማም ዶማ አነሱ። «ከሉባባ ቤት እንጀምር። ነገ የእኔ ቤት፣ ከዚያ የሁላችንም።»

«ድም! ድም!» ጉድጓዱ ጠለቀ። የአባቷ ቆብ ብቻ ታየ። ቆይቶ ቆቡም ጠፋ።

እንጨት ረበረቡ፣ ጭቃ መረጉ፣ በር ገጠሙ። ዝንብ እንዳይገባ ለጉድጓዱ ክዳን አበጁለት። በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ሰቀሉ።

አባቷ ጭቃውን እየታጠበ ሉባባን አያት። «ጥንቅሽ የፈለግሽ መስሎኝ ነበር» አላት። «ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሉባባ ገባች። በሩን ዘጋች። ማንም አያያትም።

«ኳ! ኳ!» በሩ ተንኳኳ። አባቷ ነው።

ሉባባ ፈገግ አለች። ቀጥሎ ያለችውን ከዚህ በፊት ብላ አታውቅም ነበር።

«ሰው አለ» አለች።

አባቷም ውጭ ቆሞ ተራውን ጠበቀ።