ያልታረመው ንባብ

ኢንስፔክተር ቦጋለች ማምሻውን ከክፍሉ ስትደርስ ምንይችል ግንባሩን በጠረጴዛው ላይ እንደደፋ ነበር። አንገቱን የኤሌክትሪክ ገመድ ጠምዝዞታል። ከፊቱ ያለው ኮምፒዩተር ግን የሥራ ማስታወቂያ በጠራ ድምፅ ማንበቡን አላቋረጠም።

«ማሽኑን ማን አስነሣው?» አለች።

«እንደዚሁ ሆኖ ነው ያገኘነው» አለ ረዳት ሳጅን አዳነ።

ክፍሉ በንፋስ መውጫ ከተማ ከመርጌታ ወልደማርያም የተከራዩት ነው። የሚሠሩበት አራት ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጁ ይስማው፣ ፕሮግራም የምትጽፈው ህይወት፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ የሚለቅመው ደስታ፣ እና ሟቹ። ምርታቸው ኤፒአይ የሚሉት የፕሮግራሞች መገናኛ ነው። ሰዎች ሥራ እንዲፈልግላቸው ያዘዙት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ሲጠይቀው ክፍት የሥራ ቦታዎችን ያቀብላል። መሣሪያውን የሚፈትነውና የአጠቃቀም ሰነዱን የሚጽፈው ምንይችል ነበር፤ እሱ ካልፈረመ ለገዢው አይሰጥም።

አዳነ ጉዳዩ ያለቀ መስሎታል። «የክፍሉ ብርድ ሐኪሙን አሳስቶታል፤ የሞተበትን ሰዓት መለየት አልቻለም። ነገር ግን ንባቡ እስከ ምሽት ይሰማ ነበር። የሚያስነብበው ሰው በሕይወት ነበር ማለት ነው። ምሽት ላይ የገባችው፣ ‹ሞቶ አገኘሁት› ያለችን ህይወት ብቻ ናት። ነገ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር እንልካታለን።»

ህይወት እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ሸሽጋ ተቀምጣለች።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አዎ። ‹መሣሪያሽ ዋሾ ነው› አለኝ።»

«ይዋሻል?»

«ሥራ ሲያጣ ‹የለም› አይልም፤ ፈጥሮ ይሞላል። ባለፈው ወር ለሙከራ ብናስጠቅማቸው ሁለት የእስቴ ልጆች በሌለ ሥራ እስከ መተማ ተንከራተው ተመለሱ። ላርመው ስል አቶ ይስማው ‹ቁጥራችን ይቀንሳል› ብለው ከለከሉኝ። ምንይችል ‹እምቢ በያቸው› አለኝ። ፈራሁ። የተጣላነው በፍርሃቴ ነው።»

ይስማው ጋቢውን አስተካክሎ መለሰ። «ከቀትር ጀምሮ ተዝካር ላይ ነበርሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው ይመስክር።»

«ሲወጡ ምን ይሠራ ነበር?»

«ያስነብባል፤ ሌላ ምን ያውቃል? ማሽኑን ቆሎ ተማሪ አድርጎት ነበር። እኔ የአስተዳደር ሰው ነኝ፤ ያንን ኮምፒዩተር በጣቴም ነክቼው አላውቅ።»

ደስታ ሲነጋ ስማዳ ወርዶ በምሽቱ አውቶቡስ ተመልሷል፤ ሾፌሩም ረዳቱም አረጋገጡለት።

ቦጋለች የመጨረሻውን በር አንኳኳች። መርጌታ እግራቸውን ስለታመሙ ተዝካሩ ቀርቶባቸው፣ ከክፍሉ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለይተው ተኝተው ውለዋል።

«በቤተ ልሔም ድጓ ቤት ሳስተምር ደቀ መዝሙሬ ነበር» አሉ። «ልማዱን ከእኛ ወሰደው። የሚያነበውን ማሽን በጆሮው ይከተለዋል፤ ሲስት ‹ተመለስ› ይለዋል። ‹አለንጋ ልስጥህ?› እያልሁ እቀልድበት ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ረፋድ ላይ ሲያርመው ሰምቻለሁ። ህይወት ቀትር ሲቃረብ ስትወጣም ‹ደኅና ዋል› አለችው፤ ‹ደኅና ዋይ› አላት። ይስማው ከእሱ ጋር ቀረ። ከዚያ በኋላ ንባቡ እንደ ውኃ ወረደ።»

«ካነበበው የሚያስታውሱት ይኖራል፣ አባቴ?»

መርጌታ ዓይናቸውን ከደኑ። ዕድሜ ልካቸውን በቃል ይዘው የኖሩ ናቸው። «ንፋስ መውጫ፣ የመርከብ ጭነት ተቆጣጣሪ። ስማዳ፣ የባሕር ዳርቻ ዋና አስተማሪ። በዚህ ደጋ መርከብ ከየት መጣ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።»

ቦጋለች አልሳቀችም። «ምንይችልስ ምን አለ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ምንም» አሉ። «ምንም አላለም፣ ልጄ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። መርጌታም በመቋሚያቸው ተደግፈው መጡ። ህይወትን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ በር ላይ ቆሟል።

ቦጋለች ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ማሽኑ አንድ ማስታወቂያ አነበበ፤ የመርከብ ጭነት ተቆጣጣሪ፣ ንፋስ መውጫ። ከዚያ ዝም አለ። የቆርቆሮውን ክዳን ነፋሱ ያንቋቋዋል። ቦጋለች እጇን ከኮምፒዩተሩ አራቀች።

«ማቆያውን ካላነሣችሁለት እኮ አይቀጥልም» አለ ይስማው።

ህይወት ቀና ብላ አየችው።

«ስለ ማቆያው ለአቶ ይስማው ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?» አለቻት ቦጋለች።

«ለማንም አልነገርሁም። ለምንይችል ብቻ የሠራሁት ነው። አንድ ባነበበ ቁጥር ‹ትክክል› ወይም ‹ተመለስ› እስኪለው ይጠብቃል። ሰነዱ ውስጥም አልገባም።»

ቦጋለች ወደ ይስማው ዞረች። «ትናንት ስደርስ ማቆያው ተነሥቶ ነበር፤ ዛሬ ህይወት ናት የመለሰችው። እስኪ ከመጀመሪያው እንያዘው። ምንይችል ስሕተት ሰምቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ ከቤተ ልሔም ያመጣው ልማድ ነው። ከቀትር በኋላ ግን መርከብ በደጋ ላይ ሲነበብ አላረመም። ስለዚህ ያን ጊዜ ሞቷል። ህይወት ስትወጣ መልሶ ሰላም ብሏታል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። በሁለቱ መካከል ከእሱ ጋር የቀረው ማን ነው?»

«ስትወጣ ሰሙ እንጂ ስትመለስ ላይሰሙ ይችላሉ» አለ ይስማው።

«ተመልሳ ገድላው ቢሆን፣ እስከ ምሽት በሕይወት ያለ የሚያስመስለው ድምፅ ወንጀሉን በራሷ ላይ ይጥላል። የጠቀመው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠውን ነው። እርስዎ ማስነበቡን ያውቁ ነበር፤ ማረሙን ግን እንደ ቀልድ አልፈውታል። ማሽኑ ከሬሳው አጠገብ ዝም ሲልብዎት ማቆያውን ፈልገው አነሡት። በጣትዎ ሳይነኩ ይህን እንዴት አወቁ?»

ይስማው ጋቢውን ሊያስተካክል ጀመረና ተወው።

«ፈርም አልሁት» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ስሕተት የሌለው ማን አለ፣ ኋላ ይታረማል አልሁት። ሳያየኝ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ‹ተመለስ› አለኝ። እንደ ማሽኑ። እኔን።»

አዳነ የህይወትን ካቴና ፈትቶ በእሱ እጅ ላይ አሰረው። መኪናው ይስማውን ይዞ ሄደ።

«ገዢው ግምገማውን እየጠበቀ ነው» አለች ህይወት። «እኔ እጽፈዋለሁ። ‹ሥራ ሲያጣ ይዋሻል፤ ሳይታረም ለማንም አይሰጥ› ብዬ በስሜ እፈርማለሁ።»

ማሽኑ ገና ዝም ብሎ ይጠብቃል። መርጌታ በመቋሚያቸው አንድ እርምጃ ቀረቡት፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ።

«ተመለስ» አሉት።